በአራት ቀን አምስት ከተማ

ቅዳሜ ዕለት ቨርጂኒያ ውስጥ ቡና ላይ የተነሳው ክርክር በረካው ተጠጥቶም አላለቀም። አንድ ወጣት ወዳጃችን ለገና አገር ቤት ሊገባ ነው። መንገዱ በኦስትሪያዋ ቪየና በኩል ስለሆነ እዚያ ወርዶ፣ ቦርሳ በጀርባው አዝሎ፣ በትንሽ ገንዘብ አራት ቀን አገር ሊያይ አስቧል። ሐሳቡን የጠላ አልነበረም። ጭቅጭቁ የመጣው ዕቅዱን ከስልኩ ሲያነብልን ነው፦ ቪየና፣ ብራቲስላቫ፣ ቡዳፔስት፣ ፕራግ፣ ሙኒክ፣ ከዚያ ተመልሶ ቪየና። ከዲሴምበር 24 እስከ 27።

ቡናውን የሚያፈሉት እትዬ ጀበናውን እያዘቀዘቁ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ።

«እትዬ ደግሞ! አውሮፓ እኮ ትንሽ ናት፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በባቡር እልፍ ማለት ነው» አለ ልጁ። «ሌሊት ሌሊት በአውቶቡስ ስሄድ ደግሞ የአልጋ አልከፍልም። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ቪዲዮውን ላሳያችሁ?»

ማስረጃው ይኸው ነበር። እስከ መጨረሻው ድረስ ከቪዲዮው ሌላ የጨመረው ነገር የለም።

ብዙ ዓመት ቪየና የኖሩት ጋሼ እስክሪብቶ አውጥተው ናፕኪን ላይ ደመሩለት። ከቪየና ብራቲስላቫ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በባቡር 1 ሰዓት። ከብራቲስላቫ ቡዳፔስት 2 ሰዓት ተኩል። ከቡዳፔስት ፕራግ ወደ 7 ሰዓት። ከፕራግ ሙኒክ ወደ 6፣ ከሙኒክ ቪየና 4። ሃያ ሰዓት ተኩል ያህል ባቡር ላይ፤ ያውም ምንም ባይዘገይ። «አሁን ደግሞ ብርሃኑን ቁጠር» አሉት። በዚያ ሰሞን ቪየና ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ለ2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ 10 ሰዓት እንዳለፈ ትጠልቃለች። አራቱ ቀን ተደምሮ ብርሃኑ 33 ሰዓት ብቻ ነው። ቦርሳ መሸከፉ፣ ጣቢያ መድረሱ፣ ማረፊያ ፍለጋው ሲቀነስለት ለከተማ ምን ይተርፋል?

ልጁ «ሌሊት ነው የምሄደው አልኩ እኮ» ብሎ ተከራከረ። የሌሊቱ አውቶቡስ ዋጋው ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጨለማ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ አራግፎህ ይሄዳል። ሆስቴሎች (ክፍል በጋራ የሚታደርባቸው ርካሽ ማረፊያዎች) አልጋ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ቦርሳህን ቀድመው ሊቀበሉህ ይችላሉ፤ አልጋ ግን የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሙቀት ፍለጋ ከካፌ ካፌ ይዞራል፣ መቀመጫ ለማግኘት በየሰዓቱ አንድ አንድ ነገር ያዛል፣ እስከ ቀትር ድረስ የአልጋውን ሒሳብ ከፍሎ ይጨርሳል። ራሱም ከድካሙ የተነሳ ያየውን አያስታውስም።

«ታዲያ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼ አይደለም?» አሉ እትዬ፤ ሁለተኛውን ጀባ እያሉ።

ስለ ሻንጣው ሲነሳማ ልጁ ጭራሽ አላሰበበትም። ለአገር ቤት የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድምና 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች አሉት። ቆይታ ከ24 ሰዓት በታች ሲሆን ሻንጣ ብዙውን ጊዜ ቀጥታ አዲስ አበባ ያልፋል። አራት ቀን ሲሆን ግን ቪየና ይወርድና ባለቤቱን ይጠብቃል። መፍትሔው ኤርፖርቱ ውስጥ ላለው ሻንጣ ማስቀመጫ ከፍሎ እዚያው መተው፣ ለከተማው ከ7 ኪሎ የማይበልጥ አንድ ቦርሳ ይዞ መውጣት ነው። በባቡር ጣቢያ ሎከር መተው የሚፈልግ በሩ ላይ የተጻፈውን የጊዜ ገደብ ያንብብ። በመልስ ጉዞ እንዲህ ልውረድ ለሚል ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው። ቅቤውም ቋንጣውም ጉምሩክ ላይ ይቀራል። በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም።

ከሁሉ የከፋው የመጣው በመሀል ነው። «ጓደኛዬም አብሮኝ ነው፤ ግሪን ካርድ አለው» አለ። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ልጁ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለው ያለ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ጓደኛው የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ግሪን ካርዱ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር የሚጠየቀውን የትራንዚት ቪዛ ያስቀርለታል እንጂ ከኤርፖርቱ በር አያስወጣውም። ለመውጣት ለአብዛኛው የአውሮፓ አገር የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከጉዞው ቢያንስ 15 ቀን በፊት ማመልከት፣ 90 ዩሮ መክፈል፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን መግዛት አለበት። ማመልከት ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ስለሚቻል ለመጨረሻው ሳምንት የሚያስቀር ምክንያት የለም።

ከዚያ ጋሼ «ጫማህን አሳየኝ እስቲ» አሉት። ነጭ ሸራ ነው፤ ከላይ ወንፊት የመሰለ። «ጣቴን ብሰድ ካልሲህን ይነካል» አሉ። የክረምት ጉዞ የሚበላሸው ከእግር ነው። በረዶ አስፋልት ላይ ሲረገጥ ይቀልጣል፣ ጨው ይበተንበታል፣ ጭቃ ይሆናል፤ ሸራ ጫማ ያንን ይጠጣዋል፣ ሆስቴል ውስጥም በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ውሃ የማያስገባ ጫማ ያስፈልጋል፣ ወፍራም ካልሲ ገብቶ ጣት የሚያንቀሳቅስበት ቦታ እንዲተርፍ ትንሽ ሰፋ ያለ። ጠባብ ከሆነ ደም በደንብ አይዘዋወርም፣ እግሩ የባሰ ይቀዘቅዛል። ከውስጥ ጥጥ አይለበስም፦ ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ስትቆም ያ እርጥበት ያንቀጠቅጥሃል። ሁለት የሱፍ ካናቴራ፣ አንድ ፍሊስ (ቀላል፣ ሙቀት የሚይዝ ሹራብ)፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የሚመልስ ጃኬት፣ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ጂንስ እርጥብ ከሆነ አለቀለት። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚዳከም ስልኩ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ለሆስቴሉ ሎከር የራስ ጓጉንቸር፣ ለአሜሪካ ቻርጀር የሶኬት መቀየሪያ መያዝ ነው።

ቀኑም ራሱ ልክ አይደለም። በፈረንጆቹ 24 ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፤ 25 እና 26 በዓል ናቸው፣ 27ኛው እሑድ ከዋለ ሦስተኛ ቀን ዝግ ነው። ቡዳፔስት ላይ በ24 አመሻሹን ሜትሮውም አብዛኛው ትራምም ይቆማል። ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ክፍት ከሚሆኑት ጥቂት ሱቆች በውድ ይገዛል። ጉዞው አንድ ሳምንት ቢቀድም ግን የገና ገበያውም አለ፣ ሱቁም ክፍት ነው።

እኔ ከእትዬና ከጋሼ ጋር ነኝ። አራት ቀን ለቪየና ነው፤ ቢበዛ አንዱን ቀን ብራቲስላቫ ደርሶ መልስ። ሁለት ከተማ የግድ ካለ ቪየናና ቡዳፔስት፣ የመጨረሻው ሌሊት ግን አውሮፕላኑ በሚነሳበት ከተማ። ከኤርፖርት ወደ መሀል ከተማ ፈጣኑ ባቡር በ16 ደቂቃ፣ ተራው ባቡር በ25 ደቂቃ ያህል ያደርሳሉ፤ ለዘጠኝ ደቂቃ ብሎ ውዱን መክፈል የቦርሳ ተጓዥ ሥራ አይደለም። ውሃም አይገዛም፦ የቪየና የቧንቧ ውሃ በፈረንጆቹ ከ1873 ጀምሮ ከአልፕስ ተራራ ምንጭ የሚመጣ ነው፣ ኮዳ ሞልቶ መውጣት ነው። ገበያው ላይ ትኩስ መጠጥ ሲታዘዝ የኩባያው መያዣ አብሮ ይከፈላል፤ ኩባያውን መልሶ ገንዘብን መቀበል ነው። ቡዳፔስት የሚሄድ ነጠላ ጫማና ፎጣ ይያዝ፣ በፈረንጆቹ 1913 የተከፈተው የሴቼኒ ፍል ውሃ ሜዳ ላይ በብርድ መሀል ይጨሳል። እዚያ መገበያያው ፎሪንት ነው፤ ኤቲኤሙ «በዶላር ላስላልህ» ሲል እምቢ ማለት ነው፣ የራሱን ምንዛሪ ጭኖ ያስከፍላልና።

የሚያናድደኝ ግን የልጁ ዕቅድ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከመንገድ የተመለሰን ሰው «ምን አየህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፍቷል፤ ጥያቄው «የት የት ደረስክ?» ሆኗል። አምስት ከተማ ያስፈለገው ለአምስት ፎቶ ነው። መብራት በተንቆጠቆጠበት ገበያ ፊት ኩባያ ይዞ ይነሳል፣ በዚያው ደቂቃ አዲስ አበባ ያለው የአክስቱ ልጅ ያየዋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት የአውቶቡስ መናኸሪያ ላይ እግሩ ደንዝዞ የቆመበትን ማንም አያነሳም፣ ማንም አይልክም። ያ የአክስቱ ልጅ አውሮፓ ማለት መብራትና ኩባያ ብቻ ይመስለዋል፤ በሊቢያ በኩል መንገድ የሚጀምሩት ስንቶቹ እንዲህ ያለ ፎቶ እያዩ ያደሩ ናቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ያ ልጅ የሚያፈሰው ግን የሚለቀም አይደለም።

ወዳጃችን ሲወጣ ፕራግንና ሙኒክን ሰርዟል፤ ቡዳፔስት ላይ አሁንም ይከራከራል። ሲመለስ እዚያው ረከቦት ፊት ቁጭ ብሎ ስለ አንድ ከተማ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያወራልን እወዳለሁ፦ ውሃው እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ 10 ሰዓት ላይ ሲጨልም ሰዉ ወዴት እንደሚገባ፣ አዲሱ ጫማው ውሃ አስገብቶ እንደሆነ።