የዘይቱ ዓይነትና የጡት ካንሰር፦ ገበያው የሚያወራውና ጥናቱ የሚለው

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዘይት ሊገዛ የወጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚሰማው ስለ ጤና ነው። ሻጩ ከመጭመቂያ ቤት የመጣውን ኑግ ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ «እትዬ፣ ይሄኛውን ውሰጂ፤ ያ የሚረጋው ነው የጡት ካንሰር የሚያመጣው» ይላል። ገዢዋም አቅሟ ከፈቀደ ኑጉን ትወስዳለች፤ ካልፈቀደ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ጀሪካን ይዛ ከነስጋቷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህ አባባል እውነት የሆነች ፍንጣሪ አለችው፤ ይሁን እንጂ ከፍንጣሪዋ በላይ ተለጥጧል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኬኔት ካሮል የተባለ የካናዳ ተመራማሪ የየአገሩን የስብ ፍጆታና በጡት ካንሰር የሚሞቱትን ሴቶች ብዛት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነጻጽር፣ ስብ በብዛት በሚበላባቸው አገሮች ሞቱም ከፍ ብሎ ተገኘ። በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ሐሳቡን የሚደግፉ መሰሉ። ነገር ግን ስብ በብዛት የሚበላባቸው አገሮች በሌላም ብዙ ነገር ይለያሉ፤ ሴቶቻቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን ዘግይተው ይወልዳሉ፣ ጥቂት ልጅ ይወልዳሉ፣ የሚያጠቡትም ለአጭር ጊዜ ነው፣ አልኮል ይበዛል፣ ሰውነትም ይወፍራል። እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው ለጡት ካንሰር ተጋላጭነትን የሚጨምሩ በመሆናቸው፣ ከመካከላቸው ስቡን ብቻ ነጥሎ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም።

ጥርጣሬው የበረታው ተመራማሪዎች የአገሮችን አማካይ ትተው ሴቶችን አንድ በአንድ መከታተል ሲጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ 7 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ከ330 ሺህ በላይ ሴቶችን የመረመረ ሥራ፣ ብዙ ስብ የሚበሉት ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ በበሽታው የሚያዙ ሆነው እንዳላገኛቸው ገለጸ። ከዚያም በአሜሪካ ካረጡ ሴቶች መካከል 48,835 ያህሉ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን የስቡን ድርሻ ከሚመገበው ኃይል ወደ 20 በመቶ እንዲያወርድ ምክር እየተሰጠው፣ ሁለቱም ወገኖች ለ8 ዓመት ያህል ክትትል ተደረገባቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ስብ በቀነሱት ዘንድ የበሽታው መጠን በ9 በመቶ አንሶ ታይቷል፤ ሆኖም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን የማይችል ነው ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም። ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ካለፈ በኋላ በተደረገው ክትትል ግን በጡት ካንሰር የሞቱት ከእነዚሁ ስብ ከቀነሱት ሴቶች ዘንድ በ21 በመቶ ያህል አንሰው ተገኝተዋል። ሴቶቹ ስብ ሲቀንሱ አትክልት፣ ፍራፍሬና እህል ጨምረው ስለነበር፣ ምስጋናው ሙሉ በሙሉ ለስቡ መቀነስ ነው ማለት አይቻልም።

የስቡ ዓይነት ሲጠየቅ መልሱ ትንሽ ይለያል። በቅቤና በፓልም ዘይት ውስጥ የሚበዛው፣ የጎንደር ብርድ ሲበረታ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋው ስብ፣ በአውሮፓ በተደረጉ ክትትሎች በሆርሞን ከሚነቃቃው የጡት ካንሰር ዓይነት ጋር መጠነኛ ግንኙነት ታይቶበታል። በስፔን ደግሞ የወይራ ዘይት በብዛት የተሰጣቸው ሴቶች በበሽታው የተያዙት በጣም ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል፤ ይሁንና በዚያ ጥናት ከ4 ሺህ በላይ ከሆኑት ሴቶች በአጠቃላይ የታመሙት 35 ብቻ ስለነበሩ፣ በዚህ ብቻ ተደግፎ ለሕዝብ መምከር ችኮላ ይሆናል። ኑጋችንን በተመለከተ፣ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆነው ስቡ ሊኖሌይክ የሚባለው፣ የማይረጋው የኦሜጋ 6 ዓይነት ነው፤ በአይጥ ላይ ዕጢ አፋጠነ ተብሎ የተከሰሰው ይኸው ዓይነት ስብ ነበር፤ በሰው ላይ ግን ክሱ አልጸናም። ስለዚህ ኑግ አያስፈራም፤ የጡት ካንሰርን ይከላከላል ለማለትም ማስረጃ የለም። ለልብና ለደም ሥር ከፓልም ይሻላል መባሉ ግን ተገቢ ነው፤ ሻጩ ይህንኑ ቢናገር ምን ነበረበት?

ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ በጥናት የጸናው ክብደት ነው። ሴት ካረጠች በኋላ እንቁላል አመንጪው አካል ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ማምረቱን ሲተው፣ የሰውነት ስብ ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኤስትሮጅን እየለወጠ ይተካዋል። ስቡ በበዛ ቁጥር የሆርሞኑ መጠንም ከፍ ይላል፤ የጡት ሴሎችን የሚያነሣሣው ይኸው ነው። እዚህ ላይ ወጥ የምትሠራ ሁሉ ልታስብበት የሚገባ ነገር አለ፤ ዘይት ኑግም ሆነ ፓልም በአንድ ግራም 9 ካሎሪ ይሰጣል፣ በጾም ቀን ቁሌቱ ላይ የሚንቆረቆረው ዘይትም ሰውነት አይዘለውም። ቅቤን በዓመት 180 ቀን ያህል የማይቀምስ ምእመን የሚረጋው ስብ ሊያንሰው ይችላል፤ ወገቡ ግን ላያንስ ይችላል።

ሌላው የሚዘነጋው ጉዳይ፣ እስካሁን የጠቀስኳቸው ጥናቶች በአመዛኙ በበለጸጉ አገሮች በሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ የተሠሩ መሆናቸው ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች በጡት ካንሰር ከሚታከሙት ብዙዎቹ ገና ያላረጡ፣ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ ከማረጥ በፊት ደግሞ ውፍረት ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነት ከላይ እንደገለጽኩት አይደለም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የሚመጡት ዕጢው ከገፋ በኋላ ነው። ኑግ እየበላሁ ምን ይነካኛል የምትል ወጣት እናት፣ ጡቷ ላይ ያገኘችውን ሕመም የሌለው እብጠት ለወራት ብታቆየው፣ የዘይት ወሬው ያደረሰው ጉዳት ይህ ነው። እብጠት ሲገኝ የዘይቱ ዓይነት ሳይጠየቅ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ መታየት ያስፈልጋል።

ለጡት ጤና ከወጥ ቤቱ ምን ይቀነስ ብሎ ለሚጠይቀኝ ከዘይቱ ይልቅ በመጀመሪያ አረቄንና ቢራን እጠቅሳለሁ፤ አልኮል በጥቂቱም ቢሆን የጡት ካንሰርን እንደሚጨምር በሚገባ የተረጋገጠ ነው። ይህን ስል ድግስ ቤት ማንም እንደማይወደኝ አውቃለሁ።

ዘይት ምረጡ የሚለው ምክርም ለሚመርጥ ሰው ነው። ፓልም የሚገዛው ቤተሰብ የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ እንጂ ስለ ኑግ ስላልሰማ አይደለም። የኑግና የሰሊጥ አገር በሆነ አካባቢ ድሃው ከባሕር ማዶ በመጣ ዘይት መብላቱ የገበሬውን፣ የመጭመቂያ ቤቱንና የንግዱን ሰንሰለት የሚመለከት እንጂ የእናትየዋ ጥፋት አይደለም። ከተቆጣጣሪዎች የሚጠበቀው ደግሞ ብዙ አይደለም፤ በየጀሪካኑ ላይ የሚረጋው ስብ ከመቶ ስንት እንደሆነ በሚነበብ አማርኛ ይጻፍ፣ ኑግ ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ ፓልም እንዳይቀላቀል ይመርመር፣ ምግብን የካንሰር መድኃኒት አድርጎ የሚያስተዋውቅ ነጋዴም በማስረጃ ይጠየቅ።