ክቡርነታቸው ሳጥኑ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተውን የሃይኪንግ ማስታወቂያ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ካለ፣ ስልኩ ተሰርቆበት መሆን አለበት። «ጥቅሉ የሚያካትታቸው» ይልና አሥራ ሁለት ነገር ይደረድራል፦ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ የታሸገ ውሃ፣ ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ዲጄ፣ ፎቶ አንሺ፣ ድሮን፣ የጀበና ቡና፣ ሽልማት ያለው ጨዋታ። አሥራ ሁለተኛው «ሙሉ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ» ነው። ሙሉ! ምሳው እንኳ «ሙሉ» አልተባለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ ይህችን መስመር እንደ አሜን መጨረሻው ላይ ያስቀምጣታል። እስከ ዛሬ ግን ተነስቶ ያመሰገነ ሰው የለም። የዛሬው ጽሑፍ ያንን ውለታ ለመክፈል ነው።

አስቀድመን ለክቡርነታቸው ለመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ እጅ እንንሳ። ነጭ ፕላስቲክ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ቀይ መስቀል አለባቸው። (የመጀመሪያ ዕርዳታ ምልክት አረንጓዴ ላይ ያረፈ ነጭ መስቀል ነው፤ ቀዩ ማንም እንደ ጌጥ የሚለጥፈው ሳይሆን በዓለም አቀፍ ሕግ የተጠበቀ ዓርማ ነው። ምን ያደርጋል፣ ቀይ በፎቶ ያምራል።) ዋና ሥራቸውም ይኸው ፎቶ መነሳት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት «በሰዓቱ» ይነሳል የተባለው አውቶቡስ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ሊንቀሳቀስ ሲል፣ አስተባባሪው ሳጥኑን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ይጨበጨባል። ከዚያ በኋላ ክቡርነታቸው ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ይሰየሙና ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አይሉም።

ወፍ ዋሻ ጫካ የሄደ ያውቀዋል። መኪናው ተጓዡን ደጋው ላይ ያራግፍና በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ደብረ ሲና ላይ ይጠብቃል። ሳጥኑም አብረው በአስፋልት ይዞራሉ። በዚህ አሠራር መሠረት እግሩን መስበር የሚፈልግ ተጓዥ ወይ ከመኪናው ሳይወርድ፣ ወይ ደግሞ ደብረ ሲና ደርሶ ማኪያቶ ካዘዘ በኋላ እንዲሰበር በትሕትና ይጠየቃል። መሃል ጫካ ላይ መሰበር ፕሮግራም ማዛባት ነው።

ደግሞ እንዲሁ ገብቶ የሚያነጋግራቸው የለም፤ ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ አንድ ልጅ ጋ ነው። ልጁ በዚህ ሳምንት አልመጣም፣ እህቱን እየዳረ ነው። ያለፈው ሳምንት ደግሞ መጥቶ ነበር፣ ቁልፉን የረሳው ቤቱ ነው።

እንደው ተሳክቶ ቢከፈቱስ? የአዮዲኗ ጠርሙስ ክዳኗ ሳይጠብቅ ቀርቶ ባለፈው ክረምት ስለፈሰሰች ውስጣቸው በሙሉ ቡናማ ሆኗል፤ ፋሻው ገና ከመፈታቱ ቆስሎ የዳነ ይመስላል። ፕላስተር አለ፤ ድመት የተሳለባት፣ ለሕፃን ጣት የምትበቃ፣ ሙጫዋ በዳሽቦርድ ፀሐይ የደረቀ። ጓንት አለ፤ አንድ። ጥጥ አለ፤ ቁስል ላይ ቢደረግ ክሩ ቁስሉ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረው ብትኑ ጥጥ። መቀስ አለ፤ ወረቀት የሚቆርጠው ከተለመነ ነው፣ ጂንስ ሱሪማ አይታሰብም። ፓራሲታሞል አለ፤ ቀኑ ተፍቋል። ከዚህ በተረፈ የዲጄው ፍላሽ፣ ሦስት የስኳር ከረጢት፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የቻርጀር ገመድና ሳጥኑ ራሳቸው የተገዙበት ደረሰኝ ይገኛሉ። ቀን ያላለፈበት ደረሰኙ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጨለምተኞች ግን በዚህ አይረኩም። ለአርባ አምስት ሰው ሳጥን ሳይሆን ቦርሳ ያስፈልጋል ይላሉ፤ በጀርባ የሚታዘል። በውስጡም ስፋታቸው 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ሦስት ተለጣጭ ፋሻ፣ እየራሱ የታሸገ ሃያ ያህል ንጹሕ ጎዝ፣ ክንድ ማንጠልጠያ የሚሆን ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ አራት፣ ስድስት ጥንድ ጓንት፣ በፋብሪካ የተሠራ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ (ሐኪሞቹ ቱርኒኬት የሚሉት)፣ እንደተፈለገ የሚታጠፍ የስብራት መደገፊያ፣ ልብስ የሚቆርጥ መቀስ፣ ሁለት የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ብርድ ልብስ፣ አሥር ከረጢት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ እስክሪብቶና ወረቀት። ቦርሳውን የሚይዘውም ከፊት የሚሮጠው ጎረምሳ ሳይሆን ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ሰው ነው አሉ፤ የወደቀ ሰው ሁልጊዜ የሚገኘው ከኋላ ነዋ። እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ይዞ ተራራ መውጣት እንዴት ይቻላል? ሙድ ይገድላል።

የእኛ ሰው ደግሞ ሳጥን ባይኖረው ጉባኤ አለው። አንዱ ተጓዥ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ሲለው ኮሚቴው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይሟላል። የመጀመሪያው ተናጋሪ «ተነስ! ተራመድበት፣ ይለቅሃል» ይላል። ሁለተኛዋ ጫማው ይውለቅ ትላለች፣ ሦስተኛው እንዳይወልቅ። አራተኛው አያቱ ወጌሻ ነበሩ። ሙያው በደም እንደሚወረስ ስለሚያምን፣ ተንበርክኮ እግሩን በሁለት እጁ ይይዝና «ወደዚያ እይ» ብሎ ይጎትታል። ያ ቦታ ወለምታ ካልሆነና አጥንቱ ከተሰበረ፣ የተጎተተው የስብራት ጫፍ አጠገቡ ያለውን የደም ሥርና ነርቭ ሊቀድ ይችላል፤ ይህ ግን ከጉባኤው አጀንዳ ውጭ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጉብ ብለው የሚታዩትን አጥንቶች የኋላ ጠርዝ በጣት ጫን ብሎ ሕመሙ የት እንደሆነ መጠየቅ፣ በዚያም የሚያም ከሆነ ወይም ሰውየው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው እንደ ስብራት ቆጥሮ መደገፍ፤ ካልሆነም ከጣቶቹ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በተለጣጭ ፋሻ ማሰር፣ ከዚያ ጣቶቹ እንዳይገረጡና እንዳይደነዝዙ ቶሎ ቶሎ ማየት — ይህን የሚያውቅ ሰው በጉባኤው ውስጥ አልፎ አልፎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ዝምተኛ ስለሚሆን ዕድል አይሰጠውም።

የደም ነገር ሲመጣ ጉባኤው ይበተንና ስልኮች ይወጣሉ። ድንጋይ ላይ ወድቆ እግሩ የተቀደደ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ቁስሉን በገዛ እጁ ይዞ ሳለ፣ ዙሪያውን አሥር ካሜራ ቆሞ ይቀርጸዋል። ይህ አያስቅም። ከትልቅ የደም ሥር የሚፈስ ደም ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ተራራ ጫፍ ላይ በደቂቃዎች የሚደርስ አምቡላንስ ደግሞ የትም አገር የለም። ካሜራ ከያዙት አሥር ሰዎች አንዱ ብቻ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ የሰውነቱን ክብደት ጥሎበት፣ በየደቂቃው ገለጥ እያደረገ ሳያይ አሥር ደቂቃ ቢጫን አብዛኛው ደም ይቆማል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ይደረብበታል እንጂ የታችኛው አይነሳም። ከእጅ ወይም ከእግር እየተፈናጠረ ከሆነ፣ ወይም ተጭነውት እንቢ ካለ፣ ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በደም ማቆሚያው ጥብቅ አድርጎ ማሰር፤ የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ፤ ሐኪም ጋ ሳይደርሱ አለመፍታት። ይኸው ነው። በግማሽ ቀን የሚለመድ ነገር ነው፣ ዕቃው ደግሞ ከዲጄው አበል አይበልጥም። የአርባ አምስት ሰው ገንዘብ ሰብስቦ፣ ይህን ሳያውቅና የሚያውቅ ሰው ሳይዝ ገደል አፋፍ ላይ የሚያወጣ ሰው አስተባባሪ አይባልም፤ ቀማኛ ነው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

ቀበቶውን ፈትቶ ጭን የሚያስረውን ጀግና ሳናመሰግን አናልፍም። የሱሪ ቀበቶ በእጅ ቢጎተት እንጨት አስገብተው እስካልጠመዘዙት ድረስ የሚፈለገውን ያህል አይጠብቅም፤ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ሥር ሲያፍን ከልብ የሚመጣውን ሳያቆም ይቀርና ጭራሽ ያባብሰዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ቀበቶ ሳይሆን አይቀርም። ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ በኪሱ ጥቁሯን የእባብ ድንጋይ ይዞ የሚዞረው አለ። ድንጋይዋ መርዝ አውጥታ አታውቅም። የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ ደግፎ፣ ቀለበትና አምባር አውልቆ፣ ሳይበጡና ሳይመጥጡ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ የሚባለው ግን ታሪክ የለውም፣ ማታ አይወራም።

ቲሸርቱም ምስጋና ይገባዋል። መቶ ፐርሰንት ጥጥ ነው። ጥጥ በላብ ወይም በዝናብ ከራሰ ሙቀት መያዙን ትቶ ገላን ማቀዝቀዝ ይጀምራል፤ ወንጪ አፋፍ ላይ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፈናል፣ ነፋሱም ሰው አይመርጥም። ተጓዡ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንዱ አጎት ከጃኬቱ ውስጥ ኮዳ ያወጣሉ፤ «ያዝ፣ አረቄ ነው፣ ያሞቅሃል»። አረቄ ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት የሚሰማው ሙቀት የሚወጣው ሙቀት ነው። እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ማልበስ፣ ከሥሩ የሆነ ነገር አንጥፎ ከመሬቱ መለየት፣ ከነፋስ መከለል፣ አፉ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ሻይ በስኳር መስጠት ይሻል ነበር። ነገር ግን ደረቅ ልብስ ከተደረበ የቲሸርቱ ጽሑፍ ይሸፈናል።

እርዳታ የመጥራቱ ጥበብም የራሱ ወግ አለው። ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ተፈልጎ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907 ይደወላል።

«የት ናችሁ?»

«ተራራው ላይ።»

«የትኛው ተራራ?»

«ዛፍ ያለበት። ከበላዩ ድሮን አለ።»

ስልክ ውስጥ ያለው ካርታ ያለ ኔትወርክም ያሉበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ በቁጥር እንደሚያሳይ፣ ያንንም ስልኩን ላነሳው ሰው ማንበብ እንደሚቻል ለማንም አልተነገረም። ፊሽካ ሦስት ጊዜ እየነፉ ማረፍ የጭንቅ ጥሪ መሆኑም አልተነገረም፤ ቢነገርም ከስፒከሩ በላይ አይሰማም። የጠፋ ሰው መኖሩም የሚታወቀው እናቱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሲደውሉ ነው። ጠዋት ክፍያ ሲሰበሰብ ሦስት ጊዜ የተቆጠረ ሕዝብ ማታ ሲመለስ አንድ ጊዜም አይቆጠርም።

በመጨረሻ የሚደርሱት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ማስታወቂያ የላቸውም፣ ቲሸርትም የላቸውም። ጩኸት ሰምተው ሲመጡ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና፣ ጠፍርና ጋቢ ይዘው ነው፤ ቃሬዛው ከመቀመጣቸው ይበጃል። የተሰበረውን እግር ሳይጎትቱ፣ እንደተገኘ ከጤነኛው እግር ጋር ጨርቅ ደልድለው ያስሩታል። አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ለመቀበል ከጎን ይከተላሉ፤ «ቀይር» የሚል ሳይኖር ትከሻ ይቀያየራል። እናት ምጥ ይዟት ከጤና ጣቢያ ያደረሷት በዚሁ ቃሬዛ ነው፣ ስለዚህ ስብሰባ አያስፈልጋቸውም። ከመካከላቸው ሽማግሌው «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰናል» ይላሉ፤ ሁለት ሰዓት መንገድ ይቀራል። አስተባባሪው ከፊት ከፊት እየሮጠ «ፋዘር፣ አንዴ ቆም በሉልኝ፣ ድሮኑ እየዞረ ነው» ይላል። አይቆሙም።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ መኪናው ቆሟል፣ ረዳቱም በደስታ ሳጥኑን ይዞ ይወርዳል። እንደተቆለፉ ናቸው። ሽማግሌው ተቀብለው አገላብጠው ያዩዋቸውና፣ የልጁን እግር ቀስ ብለው አንስተው ክቡርነታቸውን ከሥሩ ያስገቡዋቸዋል። ቁመታቸው ልክ ነው። እብጠቱን ለመቀነስ እግሩ ከፍ ማለት ነበረበት።