ኖታ ለማያነብ ሰው የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት አይሰጥም

ሰሞኑን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሙዚቃ ቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ፍለጋ ማስታወቂያ አውጥቷል። እስከ ዛሬ ለቦታው ሁለት ነገር ይጠየቅ ነበር፤ በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በዚያ ላይ በሙዚቃ የድኅረ ምረቃ ትምህርት። ዘንድሮ የሙዚቃው ተሰርዟል። ለምን ተብለው የተጠየቁት ኃላፊ የሰጡት መልስ ከውሳኔውም የባሰ ነው፤ «መጽሐፍ መጽሐፍ ነው። ኖታውም ቢሆን ዛሬ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» አሉ።

ሁሉም የለም። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ፍለጋ ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተውና ሙዚቀኛ ሁሉ የሚጠቀምበት አይኤምኤስኤልፒ የተባለው የኖታ ድረ ገጽ ላይ ያለው በአብዛኛው የቅጂ መብቱ ያበቃ የድሮ እትም ነው። ስሕተቱ ከተለቀመ አዲስ እትም ይልቅ ከመቶ ዓመት በፊት የታተመው እዚያ በቀላሉ ይገኛል። ኦርኬስትራዎች ከአሳታሚ በኪራይ ብቻ የሚያገኙት ፓርት፣ ማለትም የእያንዳንዱ መሣሪያ ተጫዋች ለብቻው የሚያነበው ኖታ፣ እዚያ ምን ይሠራል? ለመሆኑ ያለውስ ቢሆን ከየት መጣ? ብዙው ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ወርዶ፣ ምን እንደሆነ በሚያውቅ ሰው ተለይቶ ስካን የተደረገ ነው። ኃላፊው ምንጩን እየደፈኑ ውኃው በቧንቧ ይመጣል እያሉን ነው።

«መጽሐፍ መጽሐፍ ነው» ወደሚለው ልለፍ። አንድ ተማሪ መጥቶ የሞዛርትን የክላሪኔት ኮንሰርቶ ጠየቀ እንበል፤ የሞዛርት ሥራዎች በተዘረዘሩበት በኮኸል ካታሎግ ቁጥር 622 ነው። ርዕስ ብቻ የሚያነብ ሠራተኛ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ጽፎ መጀመሪያ የመጣለትን ያወርዳል። ያ ምናልባት ለጥናት የታተመ ትንሽ ሙሉ ኖታ ነው፤ የኦርኬስትራው መሣሪያ ሁሉ ተደራርቦ የሰፈረበት፣ ተማሪው ሊጫወትበት የማይችል። ልጁ የሚፈልገው የራሱን ፓርትና ኦርኬስትራውን ተክቶ የሚያጅበውን የፒያኖ ቅንብር ነው። እሺ፣ እሱም ተገኘ እንበል። ኮንሰርቶው በኤ ሜጀር ለኤ ክላሪኔት የተጻፈ ነው፤ ከኤው በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ለሚሰማው ለቢ ፍላት ክላሪኔት እንዲመች የፒያኖው ቅንብር በዚያው ልክ ከፍ ተደርጎ የታተመም አለ። ልጁ በዚህኛው ተለማምዶ፣ የቢ ፍላት ክላሪኔቱን ይዞ ኦርኬስትራ ፊት ከቆመ፣ ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ ግማሽ ድምፅ ተለያይተው ይጋጫሉ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን በሁለቱም አንድ ነው። ይህን ባንኮኒው ላይ ለይቶ «የትኛውን ክላሪኔት ነው የምትጫወተው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው የተሰረዘው።

የድቮርዣክ «ከአዲሱ ዓለም» ሲምፎኒ ዛሬ ዘጠነኛ ይባላል፤ በድሮዎቹ እትሞች ላይ ግን አምስተኛ ነው። ካታሎግ የሚሠራው ሰው ይህን ካላወቀ ያው ሲምፎኒ መደርደሪያው ላይ ሁለት የተለያየ ሥራ ሆኖ ይቀመጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ኃላፊው የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቪቫልዲን ኖታዎች ታሪክ ቢያውቁ ኖሮ ያንን መስመር የሚሰርዝ እጃቸው ይያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 በሰሜን ኢጣሊያ ቦርጎ ሳን ማርቲኖ የሚገኝ የሳሌዥያውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ትምህርት ቤት ሕንፃውን ለማደስ ገንዘብ ቸገረው፤ በእጁ የነበሩ አሮጌ የሙዚቃ ጥራዞችንም ለመሸጥ አሰበ። ግምቱን ለማወቅ የጠየቀው የቶሪኖን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ዳይሬክተሩ ሉዊጂ ቶሪ ገምቼ ልመልስ አላሉም፤ በቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ታሪክ መምህር የነበሩትን አልቤርቶ ጀንቲሊን ጠሩ። ጀንቲሊ ጥራዞቹን ሲገልጡ ከመካከላቸው 14ቱ የቪቫልዲ ሆነው አገኟቸው፤ አብዛኛው የያዙት ሙዚቃ የት እንደገባ የማይታወቅ ነበር። ቪቫልዲ ከሞተ ያኔ 185 ዓመት ሆኖት ነበር።

እዚህ ላይ ማንም ደስ ብሎት ሊያበቃ ይችል ነበር። ጀንቲሊ ግን አላበቁም። ጥራዞቹን እያገላበጡ ሲመረምሩ ስብስቡ ጎዶሎ መሆኑን፣ የአንድ ትልቅ ስብስብ ግማሽ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ይህን ለማየት የኖታውን ይዘትም የጥራዙን አሠራርም አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ፍለጋው ቀጠለ፤ ቀሪው ግማሽ ጄኖቫ ውስጥ ከዱራትዞ ቤተሰብ ወራሽ እጅ ተገኘ። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለቱንም የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የመጀመሪያውን ሮቤርቶ ፎአ፣ ሁለተኛውን በ1930 ፊሊፖ ጆርዳኖ ገዝተው ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጡ። ሁለቱም በልጅነታቸው የሞቱባቸው ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ስብስቦቹም እስከ ዛሬ በነዚያ ልጆች መታሰቢያነት ይጠራሉ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው የቪቫልዲ ሥራዎች ትልቁ ክፍል ከሁለቱ ግማሾች በአንድነት ከተገኙት 27 የቪቫልዲ ጥራዞች የወጣ ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ቶሪኖ የተቀመጠው ሰው «መጽሐፍ መጽሐፍ ነው» የሚል ቢሆን ኖሮስ? ጥራዞቹ በየነጋዴው እጅ ተበታትነው፣ ቅጠል ቅጠላቸው ተቸርችሮ ይቀር ነበር። ቶሪ የቤተ መጻሕፍት ሰው ነበሩ፤ ጀንቲሊ የሙዚቃ ሰው ነበሩ፤ የአንዱ እውቀት ያለ ሌላው ምንም ባልሠራ ነበር። የሙዚቃ ላይብረሪያን ድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያደርገው እነዚያን ሁለት ሰዎች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሁሉም ቤተ መጻሕፍት ጎረቤቱ ጀንቲሊ የለውም።

ኮምፒውተር ይተካዋል የሚሉም አሉ። ቪቫልዲ በሲ ሜጀር የጻፋቸው የቫዮሊን ኮንሰርቶዎች ብዙ ናቸው፤ «የቫዮሊን ኮንሰርቶ በሲ ሜጀር» የሚል ርዕስ የቱንም ለይቶ አይነግርም። በዚያ ላይ ሲታተም የተሰጠው የኦፐስ ቁጥር፣ ሥራዎቹን የዘረዘሩት ሰዎች የሰጡት የፒንሼርል ቁጥር፣ የፋና ቁጥር፣ የሪዮም ቁጥር እያለ አንዱ ሥራ እስከ አራት ስም ይይዛል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተውና በዓለም ያሉ የሙዚቃ የእጅ ጽሑፎችንና የድሮ የኖታ ኅትመቶችን የሚመዘግበው ሪዝም የተባለው ድርጅት የእጅ ጽሑፍ ሲመዘግብ ርዕስ ብቻ መዝግቦ የማያልፈው፤ የሥራውን የመጀመሪያ ኖታዎች ጭምር ይመዘግባል። እነዚያን ኖታዎች ከደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ ላይ አንብቦ፣ ቁልፉን ለይቶ፣ ወደ መዝገቡ የሚያስገባው ሰው ነው። ፍለጋው የሚያገኘው ያ ሰው ያስገባውን ብቻ ነው፤ ተሳስቶ ካስገባም ስሕተቱን ነው የሚያገኘው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፤ ሁለት ሁለተኛ ዲግሪ ረጅምና ውድ ነው። የሚከፈለውም ደመወዝ ያንን ልፋት አይመጥንም። ግን መፍትሔው ሲፈለግ የኖረና የተገኘ ነው። እንደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት የቤተ መጻሕፍት ሳይንስንና ሙዚቃን አጣምረው ያስተምራሉ፤ ተማሪው ካታሎግ መሥራትን ከሙዚቃ ታሪክ ጋር ይማራል፣ በእውነተኛ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም ይለማመዳል። ለሙያው ጀርመንኛ፣ ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ ማንበብም ያስፈልገዋል፤ የሚመዘግባቸው ርዕሶችና የሚያያቸው ማውጫዎች በብዛት በእነዚህ ቋንቋዎች ናቸውና። ይህን የተማረ ሰው ሥራ ፈልጎ ሲመጣ ማስታወቂያው እውቀቱን እንደ ትርፍ ነገር ከቆጠረው ነገ ማን ይማረዋል?

ዩኒቨርሲቲው የሚያደርገው ቀላል ነው። የማመልከቻው ጊዜ ሳይዘጋ ማስታወቂያውን ያንሳ፤ የተሰረዘውን መስመር ይመልስ። ቦታውን የሚመጥን ሰው ካጣም፣ ከሠራተኞቹ መካከል ኖታ የሚያነበውን መርጦ በራሱ ወጪ ይላከውና የጎደለውን ዲግሪ ያስጨርሰው። ያ ሰው ተምሮ እስኪመለስ ድረስም በቤተ መጻሕፍቱ ገና ያልተመዘገቡ የእጅ ጽሑፎች ካሉ ማንም እንዳይነካቸው።