ሚዛኑን ትተን ወንበሩን እናምጣ

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ዳገቱ መሀል ላይ ቆም ብላ ሻርፗን ታስተካክላለች። ሻርፑ ግን ምንም አልሆነም። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ነው። ደሴ ያደገ ሰው ይህችን ዘዴ ያውቃታል። ከተማችን ከጦሳ ተራራ ሥር በዳገትና በቁልቁለት ላይ ያለች ናት፤ ጉልበት የከዳው ሰው ወዲያው ይታወቅበታል።

ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ውስጥ ለአዛውንት የጠዋት ስፖርት ተጀመረ። እናቴም ገባች። ሁለት ወር ሲሞላ አዘጋጆቹ ሚዛን ይዘው መጡና ሁሉንም አንድ በአንድ መዘኗቸው። የእናቴ ኪሎ ንቅንቅ አላለም። «ድሮም ለእኔ አይሆንም ብያለሁ» አለችና ቀረች። እኔ ግን አይቻለሁ። በዚያ ሰሞን ዳገቱን ስትወጣ የምትቆመው አንዴ ብቻ ነበር። በፊት ሦስት ጊዜ ትቆም ነበር።

ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። የ70 ዓመት ሰው ስፖርት የሚሠራው ለመክሳት አይደለም። በዚያ ዕድሜ ኪሎ ሲቀንስ ጡንቻም አብሮ ሊሄድ ይችላል። እናቶቻችን የሚፈልጉት ከስግደት ሲነሱ የአልጋ ጠርዝ አለመያዝ ነው። ቅዳሴን ቆሞ መጨረስ ነው። ዝናብ ባራሰው ኮብልስቶን ላይ አለመውደቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ጥንካሬንና ሰውነትን ሳይንገዳገዱ መቆጣጠርን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይመክራል። ታዲያ መለካት ያለበት ይኸው አይደለም?

መለኪያው ደግሞ ውድ አይደለም። አንድ ወንበርና የስልክ ሰዓት ይበቃል። ወንበሩ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ የጀርባ መደገፊያ ያለው ይሁን፤ ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡት። ቡና የምናፈላበት በርጩማ አይሆንም፣ በጣም ዝቅ ይላል። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ቀጥ ብሎ እንደሚነሳ ይቆጠራል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ ከ70 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት ከ10 በታች፣ ወንድ ደግሞ ከ12 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ። ሁለተኛው ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ ነው። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ ያሰጋል። እነዚህ ቁጥሮች እዚያ አገር ሰው ላይ የወጡ ስለሆኑ፣ እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ሰውየውን ከራሱ ጋር ነው የማወዳድረው።

ብዙ ቦታ የሚሠራበት፣ በ6 ደቂቃ የተሄደውን ርቀት የሚለካ የእግር ጉዞም አለ። ደሴ ላይ ግን ቀጥ ያለ ሜዳ ከየት ይመጣል? ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል። አየሩም ሙቀቱም ሌላ ነው። የደሴን ቡድን ከኮምቦልቻው ጋር በዚህ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። ለእኛ ባሉበት ቆሞ ለ2 ደቂቃ ጉልበት ማንሳት ይሻላል። በጉልበትና በዳሌ መሀል ያለውን ከፍታ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎ፣ ቀኝ ጉልበት ስንት ጊዜ እዚያ እንደደረሰ መቁጠር ነው። ጠባብ በረንዳም ይበቃዋል።

አዘጋጆቹን አጥብቄ የምለምነው ግን አንድ ነገር ነው። መለኪያውን ገና ከመጀመራችሁ በፊት ምረጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ለኩ። የእናቴ ቡድን ከኪሎ በቀር የመጀመሪያ ቀን ቁጥር አልነበረውም። የቀሩትንም ፈልጓቸው። ደካሞቹ በየምክንያቱ ይወጣሉ፣ ብርቱዎቹ ይዘልቃሉ። መጨረሻ ላይ የዘለቁትን ብቻ ለክቶ «ለውጥ መጣ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ሰው ለምን እንደቀረ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እናቴን የጠየቃት የለም።

ባለፈው እሁድ እኔው ወንበር ግድግዳ አስጠግቼ «አብሽሪ እማዬ፣ ሞክሪው» አልኳት። 9 ጊዜ ተነሳች። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ትንሽ አረፍ አለችና እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ «እስቲ እንደገና ቁጠርልኝ» አለችኝ።