ወንዝ አይደለም፣ ፈፋ ነው

የደሴ ሰው ሰሜንና ደቡብ ብሎ አቅጣጫ አይነግርህም። መውጣትና መውረድ ይበቃዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ይወጣል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ያለፈ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በመሃላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታች በሸሚዝ የተሳፈረ ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ከተማው ውስጥም ያው ነው። በአንድ ወገን የጦሳ ተራራ፣ በሌላ ወገን አዝዋ ገደል። "ወደ ጦሳ ወጣ በል" ከተባልክ አለቀ፣ ደርሰሃል።

እኔ የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ ነው። እዚያ መንገድ የሚያሳይህ ስልክ ነው። "ወደ ግራ ታጠፍ" ይልሃል። ዳገት ይሁን ቁልቁለት እሱ ምን ገዶት፣ የሚያልበው አንተን ነው።

ለሊድስ ግን ፍርድ አላጓድልም። የአካባቢው ገበሬ ለመሬቱ ያለው ቃል ከእኛ አያንስም። ትንሽ ጅረት ቤክ ይባላል። ስኮትላንድ ስትሻገር ያው ጅረት በርን ይሆናል። ሸለቆው ዴይል፣ ከፍታው ፌል። ቤክና ፌል ከ1,000 ዓመት በፊት ከስካንዲኔቪያ መጥተው እዚያ የሰፈሩት ቫይኪንጎች የተዉት ቅርስ ነው። ሆልቤክ የሚባል ሰፈርም አለ፤ ስሙ ጎድጓዳ ቦታ ላይ የሚፈስ ጅረት እንደማለት ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባዬን ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት። "የሰፈር ስም ነዋ!" አለኝ።

አልሳቅኩበትም። እኛስ? ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርድ ጨፋ አለ። ውሃ የሚተኛበት፣ ሣሩ የማይደርቅ ሜዳ። ኦሮምኛው ጨፌ ነው፣ አማርኛውም ተቀብሎታል። ቱሉ አውሊያ የሚባለውን ቦታ ውሰድ። ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ፣ አውሊያ ከዐረብኛ የመጣ፣ ስሙን ቀን ከሌት የሚጠራው ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ወሎ ላይ ይህ ማንንም አይገርምም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገ ጎረምሳ ነው። ለእሱ ዝቅ ያለ ነገር ሁሉ ገደል፣ ከፍ ያለው ሁሉ ተራራ ነው። ትምህርት ቤት የሰጠው እነዚህን ነው፤ ሲደመር ሸለቆና ኮረብታ።

ባለፈው ስመጣ ከኩታበር መንገድ ወጣ ብሎ የሚያርሱትን አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ የመሬት ደብተራቸውን አውጥተው ሰጡኝ፣ ያንን አረንጓዴውን። "አንብብልኝማ" አሉ። ማንበብ ሳይችሉ ቀርተው አይደለም፣ እንድሰማላቸው ፈልገው ነው። ደብተሩ ላይ አዋሳኝ በአራት አቅጣጫ ተጽፏል። በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ። "ወንዝ" ከሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

"የቱ ነው ወንዙ?"

አብረን ወጥተን አየነው። ከላይ ከተረተሩ የሚወርድ፣ ደረቅ፣ ጠጠር የሞላው፣ ዳርና ዳሩ የግራር ቁጥቋጦ ያበቀለ ስንጥቅ። አንዲት ፍየል መሃሉ ላይ ቆማ ታመነዥካለች።

"ወንዝ ክረምት ከበጋ ይፈሳል። ይኼ ፈፋ ነው። ሲዘንብ ይመጣል፣ ሲያባራ ይሄዳል። ወንዝ ብለው ሲጽፉት ነገ አንዱ ተነስቶ ወንዙ እኮ ያ ማዶ ያለው ነው ቢለኝስ? ከፈፋው እስከ ወንዙ ያለው የማን ሊሆን ነው?"

ነገሩ የቋንቋ ቅንጦት አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከፈፋው ማዶ የጎረቤት ጥማድ መሬት አለ። ጸሐፊው ከተሜ ልጅ ይሆናል፣ የሚያውቀውን ቃል ጻፈ። አጎቴ ደግሞ እግረ መንገዳቸውን የቀረውን ቆጠሩልኝ። ያ ጭንጫ ነው፣ ጤፍ አይሆንበትም። ይኼ ዋልካ ነው፣ ውሃ ከጠጣ በሬ ይውጣል። አፋፉ ላይ ከብት አይለቀቅም። ወዲያ ያለው ሸጥ ነው፣ ጅብ ያድርበታል። እኔ የማየው አንድ ገደላገደል ነበር።

ሊድስ ቤት የገዛ ወዳጄን ሰነድ አይቻለሁ። ካርታ ነው፣ ድንበሩ በቀይ መስመር ተከቧል። ከጓሮው የሚያልፈውን ቦይ ግን ባለቤቱም ጎረቤቱም በምን ስም እንደሚጠሩት አያውቁም። መስመሩ ካለ ስሙ ምን ይሠራል? የእኛም አገር ደብተር ወደ ካርታ እየሄደ ነው፣ አጎቴም ይጠቀማሉ፣ አልቃወምም። ያኔ ግን ፈፋ የሚለው ቃል ከቀሩት ሥራዎቹ ዋናውን ያጣል።

እንግሊዞቹ አንድ ነገር ቀድመውናል። የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ1950 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በየገጠሩ ዞረው 313 ቦታ ላይ ገበሬ ጠየቁ። ከ1,300 በላይ ጥያቄ ይዘው፣ በአብዛኛው ስልሳን የተሻገሩ፣ ከቀያቸው ያልወጡ ሽማግሌዎችን መርጠው። ይህን ምን ትሉታላችሁ? ያንንስ? መልሱን አንድ በአንድ ጻፉ። ዛሬ ከነዚያ ቃላት ብዙዎቹ የሚገኙት እዚያ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ የሻይ ኩባያ ላይ ታትመው ለቱሪስት ይሸጣሉ። ኩባያው ይቅርብን።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። የቋንቋ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፣ በገበያ ቀን ከገራዶና ከኩታበር የሚገባውን ገበሬ ሻይ ጋብዞ መጠየቅ ይበቃል። ስም ብቻ ሳይሆን ልዩነቱንም ይጠይቁ። ክረምት ምን ይባላል፣ በጋስ? ሰው ያልፍበታል ወይስ ከብት ብቻ? አጎቴ ጋ ከደረሱ ግን ጎረቤታቸውንም ለብቻ ያናግሩ። እሳቸው ፈፋ የሚሉትን ጎረቤት ሸጥ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል፣ እኔ እስክመለስ ድረስ አልተስማሙም።