ጣጣው ኢንተራፕቱ ላይ ነው
የድሮ ፈርምዌርን (ቺፕ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራምን) ወደ ፍሪአርቶስ፣ ማለትም ታስክ የሚባሉ ሥራዎችን በተራ ወደሚያሠራ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ስለማዛወር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ዋናውን ሉፕ እንዳለ በአንድ ታስክ ውስጥ ክተቱት ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ጣጣው ኢንተራፕቱ (ሃርድዌሩ ሥራ አቋርጦ የሚያስነሳው ጥሪ) ላይ ነው። ኮርቴክስ-ኤም4 ፕሮሰሰር ላይ ቅድሚያው ያልተወሰነ ኢንተራፕት 0 ይዞ ይነሳል፤ 0 ደግሞ፣ ግራ ቢያጋባም፣ ከፍተኛው ነው። የከርነሉ (የፍሪአርቶስ እምብርት) የኢንተራፕት ቅድሚያ ወሰን 5 ከሆነ ቅድሚያቸው ከ0 እስከ 4 የሆኑ ኢንተራፕቶች የከርነል ፋንክሽን መጥራት የለባቸውም። ከጠሩ ሲስተሙ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚበላሽ ምክንያቱን ማግኘት ያሰለቻል፤ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚይዘውን የፍሪአርቶስ መፈተሻ፣ አሰርቱን፣ አብሩት። የታስኩ ስታክ (የራሱ የሥራ ሜሞሪ) የሚቆጠረው ባለ 4 ባይት በሆነው ዎርድ ነው፦ 512 ማለት 2048 ባይት። ለታስኩ ቅድሚያ 1 ስጡት፣ በየዙሩም 1 ቲክ (አንድ የከርነሉ የሰዓት ምት) ይተኛ፤ አለዚያ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለውና ሌላ ሥራ ሲጠፋ የሚሠራው የከርነሉ አይድል ታስክ ተራ አያገኝም። የድሮው ኮድ ሲስቲክን (የፕሮሰሰሩን የራሱን ታይመር) ይጠቀም ከነበረ ወደ ሌላ ታይመር አዛውሩት፤ ከርነሉ ይፈልገዋል።