ምላጭ ማቅለል ምላጭ ማሻሻል አይደለም

ለሽጉጥ ተለዋጭ የምላጭ ክፍሎችን የሚሸጡ ነጋዴዎች በማስታወቂያቸው ላይ ከሁሉ አጉልተው የሚጽፉት አንድ ቁጥር አለ። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ተኩል ጉልበት ይጠይቅ የነበረ ምላጭ፣ የእነርሱ ክፍል ሲገጠምለት ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይወርዳል ይላሉ። ገዢውም ዕቃውን የሚመዝነው በዚሁ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክፍሉ የተሻለ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ሰዎችን ለከንቱ ወጪ፣ አንዳንዴም ለአደጋ ስለሚዳርግ በግልጽ መቃወም እፈልጋለሁ። ጥሩ ምላጭ መቼ እንደሚለቅ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት የሚለቅ ምላጭ ነው። ቀላልነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ ራስን ለመጠበቅ ለሚታጠቁት ሽጉጥ ደግሞ ከነጭራሹ ባይመጣ ይሻላል።

ተኳሾች ስለ ምላጭ አብዝተው መጨነቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ግሎክ 17 የተባለው በስፋት የሚታወቅ ሽጉጥ ያለ ጥይት ካዝናው 630 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ምላጩ ግን 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ማለት ሌባ ጣት የሚያሳርፈው ጫና መሣሪያው ራሱ ከሚመዝነው አራት እጥፍ ያህል ነው። ጣት ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ካልሳበ፣ ያ ሁሉ ጉልበት አፈሙዙን ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ይገፋዋል። በዚህ ሽጉጥ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 16.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የፊተኛው ማነጣጠሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያፈነግጥ ጥይቱ 25 ሜትር ላይ ከታለመለት ቦታ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያርፋል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን እንኳ በቅጡ የማይለይ ነገር ነው። ስለዚህ የምላጩን ጠባይ ለማሳመር መፈለግ ተገቢ ነው። ጥያቄው የትኛውን ጠባይ ነው የሚለው ነው።

ምላጭ ሲሳብ ጣት መጀመሪያ ብዙ ተቃውሞ የሌለበት ባዶ ጉዞ ያልፋል። ከዚያ ይጠነክርበታል። ጥንካሬውን አልፎ ሲገፋ ብረት ከብረት ይላቀቅና ጥይቱን የሚመታው መርፌ፣ ወይም መርፌውን የሚገፋው መዶሻ ይፈታል። ከለቀቀ በኋላም ምላጩ ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጣት ሲላላ ደግሞ ወደ ፊት ተመልሶ ለሚቀጥለው ተኩስ ይዘጋጃል። ተኳሹን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ኪሎ አይደለም፤ በጥንካሬው ክፍል ውስጥ ያለው መጎርበጥ ነው። ሁለቱ ብረቶች መካከል አሸዋ የገባ ያህል እየተንገጫገጨ፣ አንዴ ቆም አንዴ ሸርተት እያለ የሚሄድ ምላጭ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። ጣት መገመት ይጀምራል፤ መገመት ከጀመረ ደግሞ ተኩሱን ቀድሞ በመጠበቅ እጅ ይደነግጣል። ሦስት ኪሎ የሚጠይቅ ግን ልስልስ ብሎ ሄዶ በአንድ ነጥብ የሚለቅ ምላጭ፣ ሁለት ኪሎ ከሚጠይቅ ጎርባጣ ምላጭ እጅግ የተሻለ ነው። በምላጭ መለኪያ ሚዛን ላይ ግን የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው። ሚዛኑ የሚያሳየው ከፍተኛውን ጉልበት ብቻ ነው፤ ጉልበቱ እንዴት እንደተደረሰበት አይናገርም።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንግባ። ግሎክን ምሳሌ የማደርገው በስፋት ስለሚታወቅና ተለዋጭ ክፍል ስለሚበዛለት ነው። ውስጡ ሲታይ ምላጩን ከመርፌው ጋር የሚያገናኝ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ጎን ደግሞ ከስስ ብረት የታጠፈች ማገናኛ ትቆማለች። ምላጩ ሲሳብ ዘንጉ በማገናኛዋ ተዳፋት ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ በወረደ ጊዜ መርፌው ይለቀቃል። የማገናኛዋ ተዳፋት አንግል ሲቀየር ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀየራል። አምራቹ ራሱ የተለያየ አንግል ያላቸው ማገናኛዎችን ያመርታል። ይህችን አንዲት ክፍል መቀየር፣ የተሠራችበት ብረት ጥሩ ከሆነና ገጿ ልስልስ ከሆነ፣ የመሣሪያውን መከላከያዎች ሳይነኩ ለውጥ ለማምጣት የሚያስችል መንገድ ነው። አንድ ሰው የግድ አንድ ነገር ልግዛ ካለኝ ከዚህች በላይ እንዳይሄድ እመክረዋለሁ።

የሞላዎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ትውልድ ባሉት የግሎክ ሽጉጦች ውስጥ ያለው የተለመደው የምላጭ ሞላ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ጣትን የሚቃወም አይደለም፤ ጣትን ያግዛል። የሚቃወመው የመርፌው ሞላ ነው። በመሆኑም ስበቱን ለማቅለል የሚፈልግ ሰው የምላጩን ሞላ ያጠነክራል፣ የመርፌውን ያላላል። በወረቀት ላይ ያማረ ስሌት ነው። በተግባር ግን የላላው የመርፌ ሞላ የቀለሃውን ግርጌ በበቂ ኃይል ላይመታ ይችላል፤ ጥይቱ ይከሽፋል። በተለይ ማቀጣጠያው ጠንካራ በሆነ ጥይት ላይ እንዲህ ዓይነቱ መክሸፍ የታወቀ ነው። ከዚህም አልፎ የምላጩ ሞላ ከመርፌው ሞላ ካየለ ምላጩ ወደ ፊት አልመለስም ብሎ ሊቀር ይችላል። በኢላማ ሜዳ ላይ ይህ የሚያበሳጭ ነገር ነው። ሕይወቱን ለመጠበቅ ሽጉጥ ለታጠቀ ሰው ግን ዋጋው ሌላ ነው፤ በአንድ ኪሎ ማነስ ተደስቶ የማይተኩስ መሣሪያ ታጥቆ መሄድ ማለት ነው።

በመዶሻ በሚሠሩት ሽጉጦች ላይ፣ ለምሳሌ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ፣ አደጋው ከሞላ ይልቅ በመሞረድ በኩል ይመጣል። መዶሻውን ይዞ የሚያቆየው ብረትና የመዶሻው ጥርስ የሚነካኩበት ገጽ እጅግ ጠባብ ነው። በብዙ ክፍሎች ላይ የጠነከረው የብረቱ የላይኛው ሽፋን ብቻ ስለሆነ፣ ልምድ የሌለው እጅ በሞረድ ወይም በመሳያ ድንጋይ ሲፈገፍገው ሽፋኑን ገፎ ወደ ለስላሳው ብረት ይደርሳል። ምላጩ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ለስላሳው ብረት ግን ቶሎ ያልቃል፣ የመያዣው ጠርዝም ይዶለዱማል። ከዚያ በኋላ ሽጉጡ ሲቀባበል መዶሻው ሳይያዝ ተንሸራታቹን (ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደውን የሽጉጡን የላይኛውን አካል) ተከትሎ ሊወድቅ፣ ወይም ምላጩ አንዴ ተስቦ ሁለት ጥይት ሊተኮስ ይችላል። ይህ ባለቤቱንም አጠገቡ የቆመውንም የሚገድል ብልሽት ነው፤ በብዙ አገሮች ሕግ ፊትም መሣሪያውን ወደ ተከለከለ ዓይነት ሊቀይረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ መሥራት ያለበት የሠለጠነ መሣሪያ ጠጋኝ ብቻ ነው።

ጠንቁ በመሳቢያ ጉልበት ላይ ብቻ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 የታየ ነገር አለ። ሲግ ሳወር ፒ320 የተባለው ሽጉጥ በተወሰነ አንግል ከኋላው መሬት ላይ ሲወድቅ ማንም ሳይነካው ሊተኩስ እንደሚችል በሙከራ ታየ። ሽጉጡ ሲወድቅ አካሉ መሬት ላይ ቀጥ ሲል፣ የምላጩ ብረት በራሱ ክብደት ጉዞውን ይቀጥልና የተሳበ ያህል ይሆናል። ኩባንያው በነሐሴ 2017 የማሻሻያ መርሐ ግብር አወጀ፤ ምላጩንና ተያያዥ ክፍሎቹን ቀለል ባሉ ተካቸው። ከዚህ መማር ያለብን፣ አንድ ትልቅ አምራች የብዙ መሐንዲሶችን ሥራ ይዞ እንኳ የአንዲት ቁራጭ ብረት ክብደት እንዳመለጠው ነው። ታዲያ ፕላስቲኩን ምላጭ አውጥቶ በጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ምላጭ የሚተካ፣ በዚያው ላይ ሞላውን የሚያላላ ሰው፣ ሽጉጡ ከወገብ ከፍታ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን በምን ያውቃል? ሻጩስ ሞክሮታል? አብዛኛውን ጊዜ በማሸጊያው ላይ ስለዚህ የተጻፈ ቃል አይገኝም።

በዚያኛው ጫፍ ያሉትን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ምላጩ በጠነከረ ቁጥር መሣሪያው አስተማማኝ ይሆናል ብለው የሚያምኑ ተቋማት አሉ። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ጥይቱን በሚሽከረከር ማደሪያ ከሚይዘው ሪቮልቨር ወደ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ሲሸጋገር፣ እንዳይባርቅ በማሰብ 5.4 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት የሚጠይቅ ምላጭ ለዓመታት መርጦ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ፊት ለፊት ሁለት የከተማዋ ፖሊሶች ከአንድ ታጣቂ ጋር በቅርብ ርቀት ሲጋጠሙ 16 ጥይት ተኩሰዋል፤ ዘጠኝ መንገደኞች በጥይትና በስብርባሪ ቆስለዋል። ጥፋቱን ሁሉ በምላጩ ላይ አላላክክም፤ ድንጋጤው፣ የሕዝቡ ብዛት፣ የሥልጠናው ማነስ ሁሉ ድርሻ ይኖራቸዋል። ነገር ግን የራሱን የሽጉጡን ክብደት ብዙ እጥፍ የሚጠይቅ ምላጭ አስጨብጦ ቀጥ አድርገህ ተኩስ ማለት ፍትሐዊ አይደለም። መሣሪያ እንዳይባርቅ የሚያደርገው በመጀመሪያ ደረጃ እስኪተኮስ ድረስ ከምላጩ ውጭ የሚቀመጥ ጣት ነው። ሽጉጡ የሚታጠቅበት ማህደርም ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ለውድድር የሚተኩሱትን በዚህ ሙግት ውስጥ አልጨምርም። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ለ25 ሜትር ሽጉጥ ዝቅተኛው የምላጭ ክብደት 1000 ግራም፣ ለ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ 500 ግራም ነው። በኢላማ ሜዳ አፈሙዙ ወደ አንድ አቅጣጫ ይቆማል፣ ትእዛዝ ሰጪ አለ፣ ተኳሹም ተረጋግቷል። እዚያ ቀላል ምላጭ ቦታው ነው። ስህተቱ የሚመጣው የሜዳው ሽጉጥ ላይ ያማረውን ወስዶ ወገብ ላይ በሚታጠቁት ሽጉጥ ላይ ሲገጥሙት ነው። በፍርሃት ጊዜ ልብ ይመታል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ እጅ ከሚገባው በላይ ይጨብጣል። ለዚያ ሰዓት የፋብሪካው ጉልበት እንኳ ብዙም አይደለም።

ከገንዘብ በፊት ሊወጣ የሚገባ ነገርም አለ፤ እርሱም ልምምድ ነው። ጥይት ከሚለማመዱበት የቤት ክፍል በሙሉ ወጥቶ፣ ካዝናውና የጥይት ማደሪያው በዓይንም በጣትም ተፈትሾ፣ አስተማማኝ ግድግዳ ላይ እያነጣጠሩ ባዶውን ሽጉጥ ደጋግሞ መሳብ ከማንኛውም ተለዋጭ ክፍል የበለጠ ያስተምራል። ጣትን ከማስተማሩ ሌላ፣ የሚፋተጉትን ገጾች ቀስ በቀስ ስለሚያለሰልስ ሸካራው ምላጭ በራሱ ጊዜ ይገራል። አዲስ ሽጉጥ ገዝቶ ገና ጥቂት ጥይት ሳይተኩስበት ክፍል የሚያዝ ሰው ያልተገራውን ምላጭ እንደ መጥፎ ምላጭ እየቆጠረው ነው።

ክፍል ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ሥራው አላለቀም። በባዶው ሽጉጥ ላይ ምላጩ በተደጋጋሚ በትክክል ተመልሶ እንደሆነ፣ ተንሸራታቹ በኃይል ሲዘጋ መርፌው ወይም መዶሻው ሳይነካ ተፈትቶ እንደሆነ፣ የመርፌው መከላከያና የጥንቃቄ ቁልፉ እንደ ቀድሞው ይሠሩ እንደሆነ መረጋገጥ አለበት። ቀጥሎ በሜዳ ላይ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ፣ ከዚያ ሁለት እየተደረገ፣ ሊታጠቁት ባሰቡት የጥይት ዓይነት ይሞከራል። አንዲት ጥይት ብትከሽፍ ወይም ምላጩ አንዴ እንኳ ቢዘገይ፣ አዲሱ ክፍል ወጥቶ የፋብሪካው ይመለሳል። ስለዚህ ከሽጉጡ የወጡት የመጀመሪያ ክፍሎች፣ እስከ ትንሿ ሞላ ድረስ፣ ስም ተጽፎባቸው በአንድ ከረጢት ውስጥ መቀመጥ አለባቸው።